ጆርጅ ካርቨርና የወደቀው ቅጠል

ልጆች ሆይ፥ በባኮ ክረምቱ አልፎ የበጋው ወራት ሲገባ የዋንዛውና የብሳናው ቅጠል መርገፍ ይጀምራል። ጠዋት መጥረጊያ ይዛችሁ የትምህርት ቤቱን ግቢ ትጠርጋላችሁ፤ የተጠረገውንም በአንድ ማዕዘን ትከምራላችሁ፤ ከዚያም ከእናንተ አንዱ ክብሪት ያመጣና ያነድደዋል። ጭሱ ሲወጣ እያያችሁ ግቢው ንጹሕ በመሆኑ ደስ ይላችኋል። እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ እሳቱን ለመለኰስም ከጓደኞቼ ጋር እሽቀዳደም ነበር።

ነገር ግን ከባሕር ማዶ፥ የወደቀ ቅጠል ገንዘብ ለሌለው ገበሬ የተቀመጠ ሀብት መሆኑን ብዙ ዘመን ያስተማረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙም ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ይባላል። ዛሬ የምታነቡት የእርሱን ሕይወት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ግን ዓመተ ምሕረት እያልሁ እለያለሁ።

ካርቨር የተወለደው በሰሜን አሜሪካ፥ ሚዙሪ በሚባለው ግዛት፥ ዳይመንድ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ነው። የተወለደበት ቀን በርግጥ አይታወቅም፤ ዓመቱ 1864 ግድም እንደ ሆነ ይገመታል። የባሪያ ልጅ ስለ ነበረ የልደቱን ቀን የጻፈለት ሰው የለም። እናቱ ሜሪ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች፤ እርስዋንም ሞዝስ ካርቨር የተባለ ነጭ ገበሬ በገንዘብ ገዝቷት ነበር። አባቱን ከቶ አላወቀውም። ባርነት በእኛም አገር በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ የነበረ ክፉ ነገር ነውና፥ ይህን ስታነቡ የሌላ አገር ሰዎች ኀጢአት ብቻ አድርጋችሁ አታንብቡት።

በዚያ ወራት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበረ። አንድ ሌሊት ወንበዴዎች መጡና ሜሪንና ሕፃኑን ጆርጅን ነጥቀው ይዘዋቸው ሄዱ። ሞዝስ ካርቨርም እንዲፈልጋቸው አንድ ሰው ላከ፤ የተላከውም ሰው ሕፃኑን ብቻ አግኝቶ መለሰ። እናቲቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልተገኘችም። ሕፃኑን ላመጣው ሰው ስለ ድካሙ አንድ ፈረስ ተሰጠው ይባላል። ጦርነቱ በ1865 አልቆ ባርነት በተሻረ ጊዜ ሞዝስና ሚስቱ ሱዛን ጆርጅንና ታላቅ ወንድሙን ጂምን በቤታቸው አሳደጓቸው።

ጆርጅ ደካማና በሽተኛ ልጅ ነበረ። በሕፃንነቱ ጽኑ ሳል ይዞት ስለ ነበር ድምፁ ቀጭን ሆኖ ቀረ። ወንድሙ ጂም ከሞዝስ ጋር ወደ እርሻ ሲሄድ እርሱ ከሱዛን ጋር እቤት ይውል ነበር፤ ምግብ ማብሰል፥ ልብስ ማጠብና መስፋት፥ የጓሮ አትክልት መኰትኰትም ከእርስዋ ተማረ። ሥራውን ሲጨርስ ግን ወደ ጫካ ይሮጥ ነበር። ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ በቍጥቋጦ መካከል የተሰወረ አንድ የአትክልት ስፍራ ነበረው፤ ከየቦታው የነቀላቸውን አበቦች በዚያ እየተከለ ይንከባከብ ነበር። በዚያ አገር አበባ መትከል ለወንድ ልጅ የማይገባ ከንቱ ሥራ መስሎ ይታይ ስለ ነበር ይህን ለማንም አልገለጠም። ኋላ ግን ጎረቤቶቹ የጠወለገ ተክል ሲኖራቸው ወደ እርሱ ያመጡ ጀመር፤ የተክል ሐኪም ብለውም ሰየሙት።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በሉና ስለ ጫካ አስቡ። በጫካ ውስጥ የሚያርስ የለም፤ ፍግ ተሸክሞ የሚያፈስ የለም፤ ማዳበሪያ የሚገዛለትም የለም። ዛፉ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይለመልማል። ከዛፉ ሥር ያለውን የደረቀ ቅጠል በእጃችሁ ብትገልጡት ከበታቹ እርጥብና የተቈራረሰ ቅጠል ታገኛላችሁ፤ ያንንም ብትገልጡት ጥቁር፥ ልል፥ መልካም ሽታ ያለው አፈር ታያላችሁ። ዛፉ ከምድር የወሰደውን በቅጠሉ በኩል ለምድር ይመልሳል፤ ምድርም አብስላ መልሳ ትሰጠዋለች። ጆርጅ ፊደል ሳይቈጥር ይህን የሚያይበት ስፍራ አግኝቶ ነበር።

ፊደል ለመቍጠር ግን ብዙ ደከመ። በመንደሩ ያለው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ አይቀበልም ነበርና፥ ገና ልጅ ሳለ ቤቱን ትቶ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ወዳለባት ወደ ኒዮሾ ከተማ በእግሩ ሄደ። በዚያም ማሪያ ዋትኪንስ የምትባል አዋላጅና ልብስ አጣቢ ሴት ከባልዋ ጋር ተቀብላ አኖረችው። በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ ልብስ በማጠብ ይረዳት ነበር። የተማረውን ሁሉ ለወገኖቹ እንዲመልስ የመከረችው እርስዋ ናት ይባላል።

ከዚያ በኋላ በካንሳስ ግዛት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፥ ልብስ እያጠበና ወጥ ቤት እየሠራ ተማረ። በአንዱም ከተማ ሰዎች አንድ ጥቁር እስረኛ ያለ ፍርድ ሲገድሉ አይቶ ደንግጦ ሸሸ። በ1885 አንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በደብዳቤ ተቀበለውና ሄደ፤ ከደጁ ሲደርስ ግን ጥቁር መሆኑን አይተው መለሱት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተስፋ ይቈርጥ ነበር። እርሱ በምዕራብ ካንሳስ መሬት ይዞ፥ ከሣር ጋር በተቈረጠ የአፈር ጡብ ጎጆ ሠርቶ ጥቂት ጊዜ አረሰ። ኋላም በ1890 በአዮዋ ግዛት ሲምፕሰን ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም ሥዕል ተማረ። የሥዕል መምህርቱ ግን ስለ ተክል ያለውን ዕውቀት አይታ ኤምስ በምትባለው ከተማ ወዳለው የእርሻ ኮሌጅ እንዲሄድ መከረችው። በ1891 በዚያ ሲገባ የኮሌጁ የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ እርሱ ነበረ። በ1894 የመጀመሪያ ማዕረጉን፥ በ1896 ሁለተኛውን ተቀበለ።

በዚያው በ1896፥ የእኛ አባቶች በዓድዋ ድል ባደረጉበት ዓመት፥ ከደቡብ አንድ መልእክት መጣለት። በአላባማ ግዛት፥ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ፥ ቡከር ዋሽንግተን የሚባል በባርነት የተወለደ ታላቅ መምህር ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር፤ እርሻ የሚያስተምርለት ሰው ይፈልግ ነበር። ካርቨር በኤምስ የተመቸ ሥራ ነበረው፤ በአትክልት ቤቱም ላይ ኀላፊ ሆኖ መምህሮቹ ያከብሩት ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ ሄደ።

በተስኪጊ የጠበቀው ነገር የሚያስደስት አልነበረም። በዚያ አገር ብዙ ዘመን ጥጥ ብቻ ይዘራ ነበር። ገበሬው በየዓመቱ እስከ ደጁ ድረስ ጥጥ ይዘራል፤ ዛፉ ተመንጥሮ አልቋል፤ ዝናቡም አፈሩን ጠርጎ ወስዶ ምድሪቱን በቦይና በገደል ቈራርጧታል። የቀረው አሸዋና ቀይ ሸክላ ነበር። በአዮዋ ያየው አፈር ጥቁርና ወፍራም ነበርና፥ ይህን ሲያይ ልቡ እንዴት እንደ ሆነ አስቡት። ከምድሪቱም ይልቅ የሰዎቹ ኑሮ የከፋ ነበር። ከባርነት የወጡት ሰዎች አብዛኞቹ የራሳቸው መሬት የላቸውም፤ የባለርስት መሬት እያረሱ እኩሌታውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይሰጡ ነበር። ዘርና ማዳበሪያ የሚወስዱት ከነጋዴው በብድር ነው፤ አራጣውም ከባድ ነው። ጥጡ ሲሸጥ ለዕዳው አይበቃም፤ ዕዳው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፤ ምድሪቱም ስለ ደከመች በሚመጣው ዓመት ከዚያ የሚበልጥ ማዳበሪያ ትፈልጋለች። እንግዲህ ካርቨር እነዚህን ሰዎች ማዳበሪያ ግዙ ብሎ ቢያስተምራቸው ኖሮ ሸክማቸውን በጨመረባቸው ነበር።

ለማስተማሪያም ዕቃ አልነበረውም። ስለዚህ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደ። የተሰበረ ጠርሙስ፥ አሮጌ ድስት፥ የተጣለ ፋኖስ፥ ሽቦና የቈርቈሮ ጣሳ ለቀሙ። የጠርሙሱን አንገት ቈርጠው መለኪያ አደረጉት፤ ፋኖሱን ማፍያ እሳት አደረጉት። የመጀመሪያው የምርመራ ክፍል ዕቃ እንዲህ ተገኘ። ከጥራጊ ዕቃ ያወጣ ሰው ከጥራጊ ቅጠልም አፈር ቢያወጣ አያስደንቅም።

ለመሞከሪያ የተሰጠው መሬት ደካማ ነበር። እርሱም ተማሪዎቹን ወደ ዱር ልኮ የረገፈ ቅጠል፥ ወደ ረግረግ ልኮ ጥቁር ጭቃ፥ ወደ ጋጣም ልኮ ፍግ አስመጣ። ለገበሬዎቹ ያስተማረውም ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በእንጨት አጥር በረት የመሰለ ስፍራ ይታጠራል። ከውስጡ በመሬቱ ላይ ሁለት ጭነት ቅጠልና የረግረግ ጭቃ ይነጠፋል፤ በላዩም አንድ ጭነት የበረት ፍግ ይነጠፋል፤ እንደ ገና ሁለት የቅጠል፥ አንድ የፍግ እየተደረገ እስኪሞላ ድረስ ይከመራል። ዝናብ ጨውነቱንና ኀይሉን አጥቦ እንዳይወስድበት ከላይ ይከደናል። እንዲህ ሆኖ የብርዱን ወራት ከርሞ በዘር ወራት ወደ እርሻ ይወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበትና ጊዜ ነው፤ ነጋዴው የሚያስከፍለው ምንም ነገር የለበትም።

ከዚህም ጋር በጥጡ ፈንታ በየተራ የአተርና የባቄላ ወገን የሆነ ተክል እንዲዘሩ አስተማረ። በእነዚህ ተክሎች ሥር ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ፤ በእባጮቹም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ፤ እነርሱም ከአየር ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብ ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ከዓመት በኋላ ዓመት ያ ደካማ መሬት እየተሻሻለ ሄደ። በ1905 ካርቨር የደከመ መሬት እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዋጋው የተወደደ ነገር ሁሉ የሌለበት፥ ድኻ ገበሬ ሊያደርገው የሚችል ብቻ የተጻፈበት ነው።

ሁሉ ነገር ተሳካለት ማለቴ አይደለም። ዋሽንግተን የትምህርት ቤቱን ዶሮዎች በእርሱ ኀላፊነት አድርጎ ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን ይሞቱና ይጠፉ ነበር፤ የሒሳቡም መዝገብ አይስማማም ነበር። ስለዚህ ዋሽንግተን ብዙ ጊዜ ወቅሶታል፤ እርሱም ሥራውን እለቃለሁ እያለ ብዙ ጊዜ አኵርፏል። ታላቅ ሰው ሁሉን ይችላል ብላችሁ እንዳትገምቱ ይህን ጨመርሁ።

ገበሬዎቹ ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ስለማይችሉ ትምህርት ቤቱ ወደ እነርሱ እንዲሄድ አሰበ። በ1906 ሞሪስ ጄሰፕ የተባለ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ አንድ ሠረገላ ተሠራ። በበቅሎ እየተሳበ በየመንደሩ ይዞር ነበር፤ በውስጡም ማረሻ፥ ዘርና የወተት መናጫ ነበረበት። በገበሬው ደጅ ቆሞ በገበሬው በራሱ መሬት ላይ እየሠሩ ያሳዩት ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው በዓይኑ አይቶ ይማራልና ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

አሁን ቅጠል ለምን አፈር እንደሚሆን ልንገራችሁ። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሕያዋን አሉ። ቅጠሉን የሚበሉት እነርሱ ናቸው። እንደ እኛም ምግብ፥ ውኃና አየር ይሻሉ። የደረቀ ቅጠል ለእነርሱ እንደ እንጀራ ነው፤ ኀይል ይሰጣል። እርጥብ ሣር፥ አረምና እበት እንደ ወጥ ነው፤ ያለ እርሱ አይበሉም። ውኃ ሲያንስ ያንቀላፋሉ፤ ውኃ ሲበዛ አየር ያጡና ክምሩ ይሸታል። ሁሉ ሲስማማላቸው ግን ተግተው ይሠራሉ፤ ከሥራቸውም የተነሣ የክምሩ ውስጥ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። ይህ ሙቀት የአረሙን ዘርና የተክል በሽታ አብዛኛውን ይገድላል።

እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ሰብስቤ፥ እበት ሳልጨምር፥ ውኃም ሳላጠጣ ከመርሁና ተውሁት። በዓመቱ ገልጬ ባየሁት ጊዜ ቅጠሉ ቅጠል እንደ ሆነ ቈየኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቅባትና የሚያጣብቅ ጣዕም ያለበት ስለ ሆነ ነፍሳቱ ቶሎ አይደፍሩትም፤ ከሌላው ጋር ጥቂት ጥቂት ካልተቀላቀለ በቀር አይረባም። የዋንዛና የብሳና ቅጠል ግን ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ባኮ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል፤ ከዚህም የሚበዛው በክረምት ነው። አፈርዋ እንደ አላባማ ሸክላ ቀይ ነው፤ ብርቱው ዝናብ ስለሚያጥበውም አሲዳማ ሆኗል፤ ይህ ማለት ተክሉ በውስጡ ያለውን ምግብ እንደ ልብ ማግኘት አይችልም። የባኮ ገበሬም በቆሎውን ያለ ማዳበሪያ ቢዘራ እሸቱ ያንስበታል፤ ማዳበሪያውም ውድ ነው። ዕዳ በአላባማ ብቻ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። እበቱን ሁሉ ለመሬት ስጡ፥ የበቆሎውንም አገዳ ሁሉ አበስብሱ ብሎ መምከር ቀላል ነው። እናት ማገዶ ስታጣ እበቱን ኵበት አድርጋ ታነድዳለች፤ አገዳውም ለከብት ቀለብና ለምድጃ ይፈለጋል። ካርቨር ቅጠልን የመረጠው ስለዚህ ይመስለኛል። ቅጠል ከድኻው ምድጃና ከከብቱ አፍ ሳይነጠቅ የሚገኝ ነገር ነው። እበቱም ቢሆን ጥቂቱ ይበቃል። በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ገበሬዎች የከብቱን በረት ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወሩ መሬቱን ያዳብሩ ነበር፤ ከብት የሌለው ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ቅጠል መጥረግ ግን ሁሉ ይችላል።

ስለዚህ በግቢያችሁ ልትሠሩት ብትወዱ እንዲህ አድርጉ። ጥላ ያለበት፥ ጎርፍ የማይገባበት ስፍራ ምረጡ። ወርዱም ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም። በበጋ ከሆነ እርጥበቱን እንዲጠብቅ በጕድጓድ፥ በክረምት ከሆነ ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይሠራል። አየር እንዲገባ ከታች የተሰበረ አገዳና ጭራሮ አንጥፉ። በላዩ አንድ ስንዝር የደረቀ ቅጠል፥ በዚያ ላይ አራት ጣት የሚያህል እርጥብ ሣርና ዘር ያላፈራ አረም፥ ከዚያም በውኃ የተበጠበጠ እበት ርጩበት። ከጓሮ አንድ ሁለት እፍኝ አፈርና ከምድጃ ጥቂት አመድ በትኑበት፤ አመድ የአሲዳማ አፈር መድኀኒት ነው። ፌስታልና ላስቲክ ከቶ አይበሰብስምና ለቅማችሁ አውጡ። ክምሩ ደረታችሁ እስኪደርስ ድረስ ይህን ደጋግሙ። ከክምሩ አንሥታችሁ በእጃችሁ ብትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ውኃው በልኩ ነው። ከዚያ በኋላ በሣር ወይም በሙዝ ቅጠል ክደኑት፤ በመካከሉም ረጅም በትር ሰክታችሁ ተዉት።

በሳምንቱ በትሩን ምዘዙና ንኩት። ትኵስ ከሆነ ነፍሳቱ ሥራ ላይ ናቸው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃና እበት አንሶታል፤ ቢሸት ውኃ በዝቶበታልና የደረቀ ቅጠል ጨምራችሁ ገልብጡት። ካርቨር ክምሩን ሳይገለብጥ ያከርመው ነበር፤ በየሦስት ሳምንቱ ቢገለበጥ ግን አየር ስለሚያገኝ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። የደረሰ እንደ ሆነ ቅጠሉ መልኩን ለውጦ ጥቁርና ፍርፍር ይሆናል፤ ሽታውም ዝናብ እንደ ነካው አፈር ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አረሙ ሳይደርቅ የተሠራ ክምር ለበቆሎው ዘር በጊዜው ይደርሳል።

ካርቨር በዓለም የታወቀው ግን በዚህ ሥራ አይደለም። ገበሬዎቹ ምክሩን ሰምተው ብዙ ለውዝ በዘሩ ጊዜ፥ ለውዙ ብዙ ጥቅም እንዲኖረው ወተት፥ ቀለም፥ ሳሙናና ሌላም ብዙ ነገር ሠራበት። በ1921 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ስለ ለውዝ ሲናገር የተፈቀደለት 10 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሰሚዎቹ ስለ ተደነቁ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲናገር ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ጋዜጣዎች ስለ እርሱ ብዙ ጻፉ፤ ያላደረገውንም ጨመሩለት። የለውዝ ቅቤን የፈለሰፈው እርሱ ነው የሚሉ እስከ ዛሬ አሉ፤ ነገር ግን እርሱ አይደለም። ከለውዝ ከሠራቸውም ነገሮች በገበያ የጸናው ጥቂት ነው። በእኔ አሳብ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያ የቅጠል በረት ይበልጣል፤ ለውዙን ለመመርመር እንደ እርሱ ያለ ሊቅ ያስፈልጋል፥ በረቱን ለመሥራት ግን እንደ እናንተ ያለ ልጅ ይበቃል።

በዚያው ዘመን በሕንድ አገር፥ ኢንዶር በተባለች ከተማ፥ አልበርት ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ከሕንድ ገበሬዎች ልማድና ከቻይና ገበሬዎች ጥንታዊ ጥበብ ተምሮ ቅጠል፥ እበትና አመድ በየተራ የሚነጠፍበትንና የሚገለበጥበትን ሥርዓት በምርመራ አጸና፤ በ1931ም በመጽሐፍ አሳተመው። በእኛም አገር ካርቨር ወደ ተስኪጊ ከሄደ ልክ 100 ዓመት በኋላ፥ በ1996፥ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ብስባሽ እያዘጋጁ በእርሻ ላይ መሞከር ጀመሩ፤ በብስባሽ የተዘራው እህልም በተገዛ ማዳበሪያ ከተዘራው የማያንስ፥ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። በባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ሊቃውንቱ ፍግንና ብስባሽን ከተገዛ ማዳበሪያ ጋር በበቆሎ ላይ ቀላቅለው ሞክረዋል፤ እንዲህ ሲቀላቀል የሚገዛው ማዳበሪያ ቢቀነስም መልካም ምርት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ይህ በሩቅ አገር የተደረገ አይደለም፤ ከደጃችሁ ነው።

ካርቨር ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። በተማሪዎች ማደሪያ ቤት ይኖር ነበር፤ አሮጌ ልብስ ይለብስ ነበር፤ በኮቱ ላይ ግን ሁልጊዜ አበባ ይሰካ ነበር። በየማለዳው ተነሥቶ ወደ ጫካ ይሄድና ቅጠልና አበባ ይዞ ይመለስ ነበር። በ1936፥ ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላ፥ ስለ መሬት ልምላሜ እንደ ገና አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በእርሱም ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ የብስባሽ ክምር በየገበሬው ቤት እንዲኖር መከረ። ያ ከ30 ዓመት በፊት ያስተማረው የእንጨት አጥርና የቅጠል ንጣፍ በዚህም መጽሐፍ አለ።

በሕይወቱ ያጠራቀመውን 60,000 ዶላር ያህል ገንዘብ ወጣቶች የሚመረምሩበት ተቋም እንዲሆን ሰጠ። በጥር 5 ቀን 1943፥ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 27 ቀን 1935 ዓ.ም.፥ አስቀድሞ ከደረጃ ላይ ወድቆ ታሞ ነበርና በተስኪጊ ሞተ፤ በቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብም ተቀበረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት በዳይመንድ አጠገብ የተወለደበትን ስፍራ የመታሰቢያ ምድር አድርጎ ከለለው። ለጥቁር አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ምድር በመንግሥት ሲከለል ያ የመጀመሪያው ነበረ። በውስጡም ካርቨር በልጅነቱ አበቦቹን ሰውሮ ይተክል የነበረበት ጫካ አለ፤ ጎብኚዎች በእግር የሚሄዱበት መንገድም በዛፎቹ መካከል ያልፋል።